በገብርኤል ዕለት የተሳልሁት ስእለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን ምስክርነት ሳልጽፍ 11 ዓመት ቆየሁ። እግዚአብሔር ያደረገልኝን ለመናገር አፍሬ አይደለም። የእርሱን ሥራ ለመናገር መጀመሪያ እኔ የለመንሁትን መናገር ስለነበረብኝ ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ እህል ነጋዴ ነኝ። ሥራውን የወረስሁት ከአባቴ ነው። እጄን ወደ ኩንታሉ ሰድጄ አንድ እፍኝ ጤፍ ካወጣሁ ዝናብ ያገኘው እንደሆነ፣ አፈር ያለበት እንደሆነ፣ አዲስና አሮጌ የተቀላቀለበት እንደሆነ ወዲያው አውቃለሁ። ምርቱን ከግርዱ መለየት እንጀራዬ ነው። ይህን የማነሣው በዚያን ጊዜ ልቤ እንዴት ይሠራ እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው። ዐይኔ ያረፈበትን ነገር ሁሉ ዋጋ ሳልተምንለት አላልፍም ነበር።

የመጀመሪያ ልጃችን ታኅሣሥ 15 ቀን 2007 ዓ.ም. ተወለደ። ከወገቡ ከፍ ብሎ፣ ጀርባው መካከል፣ ቆዳ ያልሸፈነው የእንቁላል ያህል እብጠት ነበረበት። በስሱ ሽፋን ውስጥ ውኃ ይታያል። እግሮቹን ብናነሣቸው መልሰው ይወድቃሉ። አዋላጆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አንድ ባለሙያ ወደ ኮሪደሩ ወሰደኝና «አይቆይም፤ ወደ ቤት ውሰዱትና አቅፋችሁ ያዙት» አለኝ። በክፋት አልተናገረውም፤ የሚያውቀው ይህንን ነበር። ቤት ስንደርስ ገንፎው ተገንፍቶ ጠበቀን። ማንም አልነካውም። እልልታውም አልተባለ።

ሰው ግን መጣ። አጎቴ ከደጃፉ ላይ ቆሞ «ምን በድላችሁ ይሆን?» አለ፤ ቀጥሎም ሊያጽናናኝ ፈልጎ «እግዚአብሔር ቢሰበስበው ለእሱም ዕረፍት ነው» አለኝ። ቃሉ ልቤ ውስጥ ገባ። አስቀድሞ የነበረበትን ቦታ ያገኘ ይመስል ገባ።

ታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል ዓመታዊ በዓል ነው። ልጁ ከተወለደ ገና አምስተኛ ቀኑ ነበር። ሌሊቱን ሄጄ ከሕዝቡ መካከል ቆምሁ። በዓሉ ሠለስቱ ደቂቅን ገብርኤል ከእቶን እሳት ያወጣበት መታሰቢያ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ካህናቱ የሦስቱን ልጆች መዳን ይዘምራሉ፤ በቀኜም በግራዬም ሴቶች ስእለታቸው ሰምሮላቸው የታቀፏቸውን ሕፃናት ወደ ላይ ያነሣሉ። እኔ በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል ግንባሬን ግንቡ ላይ አስደግፌ እንዲህ ብዬ ለመንሁ፦ «ገብርኤል ሆይ፣ ከአምላክህ ለምንልኝ፤ ይህን ልጅ ዛሬ ይሰብስብልኝ። እናቱ ሳትለምደው፣ ሰፈሩ ሳያየው ይውሰደው። ከወሰደልኝ ጥላ አስገባለሁ።»

ስለ ልጄ ሞት ጥላ ተሳልሁ። ሌላ የምለው የለኝም፤ ያልሁት ይህንን ነው።

ቤት ስመለስ ባለቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልጁን ደረቷ ላይ አስተኝታ፣ ቦርሳዋን አጠገቧ አድርጋ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። አንዲት ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ እኔ በሌለሁበት መጥታ ቁስሉን በንጹሕ ጨው ውኃ በራሰ ጨርቅ ሸፍናለት፣ አዲስ አበባ ይህን የሚሰፉ ሐኪሞች እንዳሉ ነግራታለች። «እንሂድ» አለችኝ። አራስ ከቤት አትወጣም፤ እናቷም አለቀሱ፣ ጎረቤትም ተቃወመ። እርሷ ግን «እሱ እየጠባኝ እኔ ምን ብዬ እተኛለሁ?» አለች። እውነቷን ነበር። የሚሞት ነው የተባለው ልጅ በሁለት እጁ ጡቷን ይዞ ይጠባ ነበር። እኔ በአምስት ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ቀርቤ አላየሁትም ነበር።

በተወለደ በዘጠነኛው ቀን ጀርባው ተሰፋ። የቀዶ ሕክምናው ሐኪም ወጣት ነው። አጎቴ የጠየቀኝን ጥያቄ እኔም መልሼ ጠየቅሁት፦ «ዶክተር፣ ምን በድለን ነው?» ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ሥዕል ሣለልኝ። የሕፃኑ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ ከፅንሰቱ አንሥቶ በ28 ቀን ውስጥ ተዘግቶ ያልቃል፤ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ የሚያውቁት ከዚያ በኋላ ነው። ቱቦው ሳይዘጋ የሚቀርበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ከዋነኞቹ አንዱ ግን ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቪታሚን ማነስ ነው። ጎመን፣ ምስርና ባቄላ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ለነፍሰ ጡር የሚያስፈልገውን ያህል ከምግብ ብቻ ማግኘት ይከብዳል። ለማርገዝ የምታስብ ሴት ሁሉ አስቀድማ በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ብትወስድ ብዙዎቹን መከላከል ይቻላል። «በደል የለም፣ አባት። ቪታሚን ነው» አለኝ። ወረቀቱን እስከ ዛሬ ከዳዊቴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ሰው ጌታን የጠየቁትም የአጎቴን ጥያቄ ነበርና። ጌታ እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም ብሎ መለሰላቸው። ያ መልስ ከተሰጠ ሁለት ሺህ ዓመት ሆኖታል፤ እኛ ዛሬም በየአራስ ቤቱ ደጃፍ ቆመን እንጠይቃለን።

ጀርባው ዳነ፤ ጭንቅላቱ ግን ማደግ ጀመረ። ውኃ እየቋጠረ ነበር። ለሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ተራ እየጠበቅን አርባ ቀኑ ደረሰ። ባለቤቴ «ክርስትናው ይነሣ» አለች። ከዘመድ ቤት ተነሥተን በሰፈሩ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ጥር 24 ነበር። ሕዝቡ ብዙ ነው። ጭንቅላቱን በነጠላ ሸፍኜ ያዝሁት፤ ሰው እንዳያየው።

ካህኑ በዕድሜ የገፉ ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው ነጠላውን ገለጡት። ጭንቅላቱን አዩ፣ ሲገልጡትም ጀርባው ላይ ያለውን ስፌት አዩ። አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። «ስሙን ማን እንበለው?» ብቻ ነው ያሉት። አላሰብንበትም ነበር። እርሳቸውም «እንግዲህ ቀኑ የተክለ ሃይማኖት ነው፤ በሕፃንነታቸው የተጠሩበትን እንስጠው» ብለው ፍሥሐ ጽዮን አሉት።

ካጠመቁት በኋላ ሜሮን መቀባት ጀመሩ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ተጠማቂው 36 ቦታ ላይ ይቀባል። እኔ በክርስትና ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ፤ ልብ ብዬ ያየሁት ግን የዚያን ቀን ነው። ግንባሩን ቀቡት፤ ዐይኖቹን፣ አፍንጫውን፣ ከንፈሩን፣ ጆሮዎቹን ቀቡ። ወደ ትከሻው ወረዱ፣ ወደ ክንዱ፣ ወደ መዳፉ። ጀርባው ጋር ሲደርሱ ጣታቸውን አቀለሉት፤ ስፌቱን ዳር ዳሩን አለፉት። ከዚያ ወደ እግሮቹ ደረሱ። እኔ በልቤ እነዚህን ይዘሏቸዋል ብዬ ነበር። የማይንቀሳቀሰውን ጉልበት ቀቡት። ከዚያም እግሩን ቀና አድርገው ይዘው፣ መሬት ይረግጥ አይረግጥ ማንም የማያውቀውን ውስጥ እግር፣ ልክ እንደ ግንባሩ፣ ሳይቸኩሉ፣ በመስቀል ምልክት አተሙት።

እኔ ልጄን በጎደለው ቆጥሬው ነበር። እርሳቸው በእያንዳንዱ ብልቱ ቆጠሩት፤ አንድም ግርድ አላወጡም።

ማዕተቡን አሰሩለት፤ ቆረበ፤ ደሙ ምላሱን ሲነካው ከንፈሩን ላሰ። እኔ ከኋላ ቆሜ አለቀስሁ። ቀኑ ምን እንደሆነ በኋላ ነው የተገለጠልኝ። ጥር 24 ስባረ ዐጽሙ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ነው። ጻድቁ በጸሎት ብዛት እግራቸው የተሰበረችበትን ቀን በከበሮና በጽናጽል የምናከብር ሕዝብ ነን። የአንዲት የተሰበረች እግር በዓል ያለው አገር ውስጥ፣ እግሩ የማይሄድ ሕፃን ጓዳ ይደበቃል። ይህ እስከ ዛሬ ድረስ ያቃጥለኛል።

በየካቲት ሻንት ገባለት። ሻንት ማለት አንጎል ውስጥ የሚጠራቀመውን ውኃ ከጆሮ ኋላ፣ በአንገትና በደረት ቆዳ ሥር እያሳለፈ ሆድ ውስጥ የሚያፈስስ ቀጭን ቱቦ ነው። አንገቱን ስዳብሰው ከላይ ማዕተቡ፣ ከሥር ቱቦው ይሰማኛል። ሁለቱም ክር ያህል ናቸው።

ሐኪሞቹ ቱቦው ሊደፈን እንደሚችል አስጠንቅቀውን ነበር። ሐምሌ 2011 ዓ.ም. ደረሰብን። ሁለት ቀን ካስመለሰው በኋላ በሦስተኛው ቀን አልነቃ አለ፤ ዐይኖቹም ወደ ታች ወርደው ቀሩ። ሪፈር ተጽፎልን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ወጣን። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መካከሉ ደግሞ ዐባይ በረሃ ነው። ከደጀን ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን ስንወጣ አንድ የጭነት መኪና በዝናቡ ተንሸራቶ መንገዱን ዘግቶታል። ከወዲህም ከወዲያም መኪና ተሰልፏል። ሹፌራችን «እስኪነጋ አይከፈትም» አለ። ሐኪሙ ደግሞ እስኪነጋ አትቆዩ ብሎናል።

ልጁን አቅፌ ወርጄ በዝናቡ መሄድ ጀመርሁ። አፌ ምን እንደሚል አላወቅሁም ነበር፤ በኋላ ሰማሁት። «አትውሰድብኝ፤ አትውሰድብኝ» እያልሁ ነው። በዚያው አፍ፣ ለዚያው አምላክ፣ ስለዚያው ልጅ።

አንድ ረዳት ወጣት፣ ሸራ የለበሰ፣ ወደ እኔ ሮጦ «ሕፃን ነው? ስጡኝ» አለ። ትከሻው ላይ አስተኛው፣ ሸራውን አለበሰው። ሌሎች ሾፌሮች የስልካቸውን መብራት እያበሩ ቀደሙ፤ አንዱ «ሕፃን አለ! ሕፃን አለ!» እያለ ይጮኻል። በመኪናውና በገደሉ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ እጅ ለእጅ እየተያያዝን አለፍን። ከወዲያ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሚኒባስ ቆሟል። ተሳፋሪዎቹ ነገሩን ሲሰሙ አንድ በአንድ ወረዱ፤ ዕቃቸውን ተሸክመው በእኛ ሚኒባስ ሊሄዱ በዝናቡ ተሻገሩ። አንዲት እናት ሲያልፉ ጋቢያቸውን ለባለቤቴ ጣሉላት። ሹፌሩ መኪናውን ወደ አዲስ አበባ አዞረ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም «እግሩ ይሄዳል ወይ? አእምሮው ደኅና ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ሊነጋ ሲል ሆስፒታል ደረስን፤ ረፋዱ ላይ ቱቦው ተቀየረ። በማግሥቱ ልጁ ዐይኑን ከፍቶ ዳቦ ጠየቀ።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በገብርኤል ዕለት ጥላ ገዝቼ ወሰድሁ። ስእለት የሚመዘግበው ዲያቆን ለሕዝቡ ሊያስነግርልኝ ብዕሩን ይዞ «ምን ተደርጎልዎት ነው?» አለኝ። «የለመንሁት ስላልተደረገልኝ» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና ዝም ብሎ ጻፈ።

ከእርሱ በኋላ ሴት ልጅ ወልደናል። ባለቤቴ ከማርገዟ በፊት በሐኪም ትእዛዝ ከፍ ያለ መጠን ፎሊክ አሲድ ስትወስድ ቆየች፤ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት እንደዚያ ማድረግ እንዳለባት እባካችሁ ለምታውቋቸው ንገሩ። በ2014 ዓ.ም. ፋብሪካዎች የስንዴ ዱቄት ውስጥ ይህን ቪታሚን እንዲጨምሩ የሚያስገድድ ደረጃ መውጣቱን ስሰማ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን እኔ የምሸጠው ጤፍ የሚፈጨው በሰፈር ወፍጮ ነው፤ ለገበሬው ቤት ፋብሪካው ሩቅ ነው። ስለዚህ እህል ሊገዙ የሚመጡትን ሙሽሮች ሁሉ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ክኒኑን ጠይቁ እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ያፍራሉ፤ እኔ ግን እላለሁ። ጓዳ ውስጥ ልጅ እንዳለ የሰማሁበት ቤትም እሄዳለሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ አገኘሁ፤ ክርስትና ከተነሣች ወዲህ ፀሐይ ያየችበት ቀን የሚቆጠር ነው። አባቷ ሲያወሩኝ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ነበር። ያንን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። አልገሠጽኋቸውም፤ የእኔን ስእለት ነገርኋቸው።

ልጄ አሁን 11 ዓመቱ ነው፤ አራተኛ ክፍል ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ይሄዳል። እግሩ አልተነሣም። ሽንቱን በየአራት ሰዓቱ በቀጭን ቱቦ ራሱ ያስወጣል፤ እጁን ሲታጠብ የሚወስደውን ጊዜ ብታዩ ካህን ይመስላችኋል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጦ ኪሎውን ያነብልኛል።

ይህን ከመጻፌ በፊት ከእናቱ ጋር ተመካክረን ነገርሁት፤ ከሌላ ሰው አንደበት ሳይሰማው ከእኔ ይስማው ብለን። የሒሳብ ደብተሩን ከፍቶ ነበር። ስለ ገብርኤሉ ሌሊት፣ ስለ ጥላው፣ ያልሁትን ቃል ሳልቀንስ ነገርሁት። እርሳሱን ይዞ ብዙ ቆየ።

«እና እግዚአብሔር ምን አለህ?»

«እምቢ አለኝ።»

«እንኳንም አልሰማህ፣ አባዬ» አለና ወደ ደብተሩ ተመለሰ።