ዛሬ ልጃችንን ተረከብን

በቃ፣ ዛሬ ከማሳደጊያው ይዘነው ወጣን! ፍርድ ቤቱ ጉዲፈቻውን ቀደም ብሎ አጽድቋል፣ ግን ፓስፖርትና ቪዛ ሳይወጣለት ወደ ቤት የለም፤ በዛ ላይ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው፣ ከአገር ወደ አገር የሚደረግ ጉዲፈቻን በሚመለከተው የሄግ ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ጉዲፈቻው በደንቡ መፈጸሙን የሚመሰክር ወረቀት አለ፣ እሱን ከያዝን አገራችንም ያለ ሌላ ክርክር ትቀበለዋለች።

ልጁ ለወረቀቱ ደንታም የለው። ከሞግዚቷ ሲለይ ግን ያለቀሰው ለቅሶ አንጀቴን በላው። ደስታችን ለእሱ መለያየት ነዋ! መኪና ውስጥ ብስኩት ሰጠሁት፤ ግማሹን በላ፣ ግማሹን ኪሱ ከተተ። አሁን የመብራት ማጥፊያውን አግኝቶ ያበራል፣ ያጠፋል፣ ባለቤቴ ደግሞ ሊያስተኛው ይታገላል።

ፎቶ ለጠየቃችሁኝ፣ አልለጥፍም፣ አትቀየሙኝ። ነገ በጠዋት የቪዛ ቀጠሮ አለን።