ሶስት ሌሊት ዶክተር ኃይሉ ቤት

ሰሞኑን ስልክ ሲደወልልኝ አላነሳም፣ ቴሌግራም አልከፈትኩም፣ ማክሰኞ ማታ ደግሞ ሽሮ ጥጄ ረስቼው ድስቱ ከል እስኪመስል አሮ ሽታው ሳሎን እስኪደርስ አልሰማሁም። ምክንያቱ አንድ ልቦለድ ነው፣ የመዓዛ መንግስቴ ቢኒዝ ዘ ላየንስ ጌዝ። በእንግሊዝኛ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ እኔ እጅ የገባው ግን ገና አሁን አንድ ጓደኛዬ አውሳኝ ነው። (ያላነበባችሁ ካላችሁ ከዚህ በኋላ የታሪኩን ነገር አነሳለሁና ይቅርታ።)

ታሪኩ በአብዮቱ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ነው የሚጀምረው። ዶክተር ኃይሉ የሚባል ሐኪም አለ፣ ሚስቱ ሰላም ልቧን ታማ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት፣ ትልቁ ዮናስ የታሪክ አስተማሪ ነው፣ ሚስትና ልጅ ያለው ዝም ያለ ሰው፣ ትንሹ ዳዊት ደግሞ ተማሪ ነው፣ ደሙ የሚፈላ። በቃ ይሄው ነው ቤቱ። ንጉሡ ይወርዳሉ፣ ደርግ ይመጣል፣ ከዛ ያ ሁሉ ነገር ቀስ እያለ በዚህ ቤት በር ይገባል።

እኔን የያዘኝ እሱ ነው። እኛ ስለዛ ዘመን የሰማነው አብዛኛው ክርክር ነው፣ ኢሕአፓ ነው መጀመሪያ የተኮሰው፣ አይ መኢሶን ነው፣ አይ ደርግ ነው፣ ሁሉም የራሱን ማስታወሻ ጽፎ እየተከራከረ ነው። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ግን ክርክሩ ራት ላይ በአባትና በልጅ መሀል ነው፣ ሰውየው የሚፈራው መንግስትን ብቻ ሳይሆን ልጁ ማታ ሳይመለስ ቢቀርስ ብሎ ነው።

አንድ ቦታ አለ፣ እሱን ካነበብኩ በኋላ መጽሐፉን ከድኜ ኮርኒስ ሳይ ነው ያደርኩት። ወታደሮች አንዲት በግርፋት ሰውነቷ ያለቀ ልጅ ሆስፒታል ያመጡና ኃይሉን አድናት ይሉታል። የሚድኑት ሰዎች ወዴት እንደሚመለሱ ግን ያውቃል፣ ከዳነች መልሰው ወስደው ሊመረምሯት ነው። ሐኪም ነው፣ ስራው ማዳን ነው፣ ማዳን ማለት ደግሞ ለገራፊ መልሶ ማስረከብ ሆነበት። ሲያናይድ ሰጥቶ ገላገላት። ከዛ እሱም ተጠራና ታሰረ። እኔ እሱ ብሆን ምን አደርግ ነበር እያልኩ ስገላበጥ ነጋ፣ አሁንም መልስ የለኝም።

ስለ ንጉሡ የሚያወሩት ምዕራፎች ግን እኔን ብዙም አልያዙኝም፣ ቶሎ ወደ ኃይሉ ቤት መመለስ ነበር የምፈልገው።

አንድ የገረመኝ ነገር፣ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ሁሉም በአማርኛ ነው የሚያወሩት፣ ሰራተኛዋ ሶፊያ ጭምር ድምጿ ይሰማኛል። ለዛ ነው መሰለኝ ለእማዬ መተረክ የጀመርኩት። እማዬ እንግሊዝኛ አታነብም፣ ማታ ማታ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ያነበብኩትን እነግራታለሁ። በ1969 የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፣ ስለዛ ጊዜ ግን ቤታችን ውስጥ አንድም ቀን ቁጭ ብላ አውርታልን አታውቅም። ዳዊት ሌሊት መንገድ ላይ የተጣሉ ሬሳዎችን እየሰበሰበ ለየቤተሰቡ ለቀብር የሚያደርስበት ቦታ ላይ ስደርስ ስኒውን ማጠብ አቆመች። «ማልቀስ እኮ ክልክል ነበር» አለችኝ። ከጎረቤታቸው የአንዷ ልጅ ጠዋት አስፋልት ላይ ተገኝቶ እናቱ አንሶላ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነው አሉ ያለቀሰችው፣ ሰው እንዳይሰማ። ለልጃቸው ሬሳ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦች እንዳሉ እኔም ሰምቼ አውቃለሁ፣ መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሙዚየም ውስጥ የእነዛን ልጆች ፎቶ ግድግዳ ሙሉ አይቻለሁ፣ ግን ያቺን አንሶላ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እናቴ 40 ምናምን ዓመት ሙሉ ይዛው ነበር።

መጽሐፉን ሀሙስ ሌሊት ጨረስኩት። ለእማዬ ግን ገና አልጨረስኩላትም፣ ምክንያቱም የሶፊያ ትንሹ ልጅ ብርሃኔ አለ፣ እሱ ላይ የሚደርሰውን እንዴት አድርጌ እንደምነግራት አላውቅም፣ እኔ ራሴ ገጹን ሁለቴ አቁሜ ነው የጨረስኩት። ትናንት ማታ ረከቦቱን እየጠረገች «ያ ትንሹ ልጅስ እንዴት ሆነ?» አለችኝ። ገና እዛ አልደረስኩም አልኳት።