የወጣት ቅርጫት ኳስ ተጫዋችን ዋጋና ተስፋ የምመዝንበት መንገድ

አሜሪካ ውስጥ በምሽት የሚደረጉት የኤንቢኤ (የአገሪቱ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ጨዋታዎች እዚህ ጅማ በቀጥታ የሚታዩት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጀምሮ ስለሆነ፣ ወጣት ተጫዋቾችን የማጠናው በማግስቱ የተቀዳውን እየመለስሁ በማየት ነው። ጥናቱን የጀመርሁት በሰፈራችን ሜዳ የማሠለጥናቸውን ታዳጊዎች በትክክል የምመዝንበት ዘዴ ስፈልግ ነበር። ከሁሉ አስቀድሜ፣ ተጫዋቹ ዛሬ ምን ይሠራል የሚለውን ጥያቄ ነገ ምን ሊሆን ይችላል ከሚለው ለየሁት፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ፍርዱ ሁሉ ብዙ ነጥብ ወደሚያስቆጥረው ያደላልና።

ለዚህ የያኒስ አንቴቶኩምፖን ያህል ያስተማረኝ ታሪክ የለም። የኤንቢኤው ክለብ ሚልዋኪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) 15ኛ አድርጎ ሲመርጠው ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበር፤ ይጫወት የነበረውም በግሪክ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነው። በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ 24.6 ደቂቃ ተሰልፎ 6.8 ነጥብ አስቆጠረ፤ ይህ አንድ ዋና ተጫዋች በጨዋታ ሊሰለፍ ወደሚችልበት 36 ደቂቃ ቢሰላ እንኳ 10 ነጥብ ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ቁመቱ ገና እየጨመረ ነበር፤ ያን ያህል ረጅም ሆኖም ኳስ እያነጠረ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጥ ነበር። በ2016-17 አማካዩ 22.9 ነጥብ ደረሰ። ስለዚህ በማስታወሻዬ ከስም ቀጥሎ የሚሰፍረው ዕድሜ ነው፤ አብዛኞቹ ተጫዋቾች ጉልምስናቸው ላይ የሚደርሱት በ27 ዓመት አካባቢ በመሆኑ፣ በ19 ዓመቱ 8 ነጥብ የሚያስቆጥረውንና በ24 ዓመቱ ያንኑ የሚያስቆጥረውን በአንድ ዓይን አላይም።

ከዚያ ነጥቡ በስንት ሙከራ እንደተገኘ አያለሁ። 20 ነጥብ በ20 ውርወራ ያገኘና በ13 ውርወራ ያገኘ ለቡድናቸው የሚሰጡት ጥቅም እጅግ ይለያያል።

ብዙ ጊዜ የምቆይበት ግን ነጻ ውርወራ (ጥፋት ሲፈጸምበት ለተጫዋቹ የሚሰጠው ውርወራ) ላይ ነው። ርቀቱ አይለወጥም፣ ተከላካይም አያውክም፤ ስለዚህ የእጅን ችሎታ ለብቻው ያሳያል። አንድ ልጅ የሞከራቸው ባለ ሦስት ነጥብ ውርወራዎች ጥቂት ሲሆኑ መቶኛው በዕድል ከፍና ዝቅ ይላል፤ ወደፊት ከሩቅ ማስቆጠር ይችል እንደሆነ ለመገመት የነጻ ውርወራው መቶኛ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ምልክት ነው። አንዱ ታዳጊ «ጋሼ፣ ለምን ሮጠን ከደከመን በኋላ ታስወረውረናለህ?» ብሎኝ ነበር። ጨዋታው መጨረሻ ላይ እግር ሲዝል የክርኑ አቅጣጫ የሚጸና መሆኑን ማየት ስለምፈልግ ነው አልሁት።

ዋጋን በተመለከተ፣ ተጫዋቹ የሚሰጠው ከሚከፈለው ጋር ካልተነጻጸረ ትርጉም የለውም። በኤንቢኤ በድራፍቱ የመጀመሪያ ዙር የተመረጠ ተጫዋች ደመወዝ በተወሰነ ሰንጠረዥ የሚመራ ሲሆን፣ የሦስተኛውና የአራተኛው ዓመት ውል በክለቡ ምርጫ ይወሰናል፤ ቶሎ ያደገ ልጅ ለክለቡ ትልቅ ትርፍ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የጎልደን ስቴት ክለብ ተጫዋች ስቴፈን ከሪ በ2012 ቁርጭምጭሚቱ በተደጋጋሚ ተጎድቶ ሳለ የአራት ዓመት የ44 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ በዚያ ውል ዘመን የሊጉ ኮከብ ተጫዋችነትን በ2015 እና በ2016፣ ዋንጫውን ደግሞ በ2015 እና በ2017 አገኘ። ያኒስም በ2016 በፈረመው የአራት ዓመት የ100 ሚሊዮን ዶላር ውል ሁለት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ሆኗል፤ በ2021 ዋንጫ አንሥቷል። ጉዳትን ስመዘን ታዲያ የተጎዳው አካል ምን እንደሆነና የተጫዋቹ ችሎታ በዚያ አካል ላይ ምን ያህል እንደሚደገፍ እጠይቃለሁ፤ የከሪ ውርወራ ቁርጭምጭሚቱ ሲታመም አልጠፋም፤ በዝላይ ብቻ የሚኖር ተጫዋች ቢሆን ግን ፍርዴ ሌላ ይሆን ነበር።

የመሥራት ፍላጎትን ከቪዲዮ ማየት አይቻልም። በጅማ ክረምት ዝናቡ ሜዳውን ሲያረጥበው ግን ማን ቀድሞ መጥቶ ውኃውን እንደሚጠርግ አያለሁ፤ ይህንንም ከዕድሜው ጎን እጽፈዋለሁ።