ፓስፖርቴን ካሳደስኩ ወዲህ

አገር ቤት ፓስፖርት ያሳደሰ ሰው አዲሱን ደብተር ተቀብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይከተዋል፣ አለቀ። ቻይና ተቀጥሮ ለሚኖር ሰው ግን ሥራው የሚጀምረው ያኔ ነው። አዲስ ፓስፖርት አዲስ ቁጥር ይዞ ይመጣል። እዚህ ደግሞ እንደኔ በሥራ ፈቃድ ላለ ሰው መታወቂያው ያ ቁጥር ነው። ቻይናውያኑ ባለ 18 አሃዝ መታወቂያ ቁጥራቸውን ይዘው ያድጋሉ፣ ያገባሉ፣ ያረጃሉ። እኔ ጓንዡ ካለው ቆንስላችን አዲሱን ደብተር ይዤ የወጣሁ ዕለት ለባንኩም ለስልኩም ለባቡሩም የማልታወቅ ሰው ሆንኩ።

ከአገር ቤት የሚደውልልኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ምግቡና ስለ ቋንቋው ነው። ቋንቋውን ማስተርሴን ስማር ታግዬዋለሁ፤ የምግቡን ነገር ቆይቼ አነሳዋለሁ። ጊዜዬን የሚበላው ግን ይኸው የስምና የቁጥር ጣጣ ስለሆነ ዛሬ እሱን ልጻፍ።

መጀመሪያ የመኖሪያ ፈቃዱ አለ። ፈቃዱ ፓስፖርቱ ገጽ ላይ የሚለጠፍ ነው፤ የተመዘገበ ነገር ሲቀየር ደግሞ ሕጉ በ10 ቀን ውስጥ አመልክቱ ይላል። ለዚያ የአድራሻ ምዝገባው በአዲሱ ቁጥር መሆን አለበት። የውጭ ዜጋ ቤት ተከራይቶ ሲገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጋ መመዝገብ አለበትና ጣቢያው ለእኔ አዲስ አይደለም። አከራዬ ጡረታ የወጡ ሴትዮ ናቸው፤ የሚያወሩት ያካባቢውን ቋንቋ ካንቶንኛን ብቻ ስለሆነ የእኔ ማንዳሪን፣ ትምህርት ቤት የተማርኩት መደበኛው ቻይንኛ፣ እሳቸው ጋ ሲደርስ ግማሹ ይወድቃል። ቢሆንም የቤቱን ካርታ በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ የሻይ ፔርሙሳቸውን አንጠልጥለው አብረውኝ መጡና ፖሊሱን የልጅ ልጃቸው ይመስል ሲቆጡት ቆዩ። ምን እንዳሉት አልገባኝም፤ ወረቀቱ ግን ቶሎ ወጣ።

ማመልከቻው ሲገባ ፓስፖርቱ እዚያው ይቀራል። በምትኩ ፎቶ ያለበት አንድ ገጽ ደረሰኝ ይሰጡሻል፤ በሱ አገር ውስጥ በባቡር መሄድም ሆቴል ማደርም ይቻላል። ባንክ ግን "ዋናውን አምጪ" ይላል። ዋናው ደግሞ እስከ 15 የሥራ ቀን ሊቆይ ይችላል።

እዚህ ላይ ነገሩ ክብ ይሠራል። ደመወዜ የሚገባበት ባንክ የድሮው ፓስፖርቴ ጊዜ ማለፉን ሲያይ ሂሳቤን ያዘው። ብር ይገባል፣ አይወጣም። አዲሱን ቁጥር ለማስገባት ስልኬ ላይ ኮድ ይላካል፤ ነገር ግን ስልኩ የተመዘገበው በድሮው ፓስፖርት ስለሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክዪ ተባልኩ። ስልኩ ቤት ያለው ልጅ ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ፎቶዎቹን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እንደገና ፎቶዎቹን አየና "ሁለቱም የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ አለሽ?" አለኝ። ነበረኝ። ቀድመውኝ በዚህ መንገድ ያለፉ ያገሬ ልጆች ፓስፖርቱን ስትቀበዪ ደብዳቤውን ሳትይዢ ከቆንስላው እንዳትወጪ ብለውኝ ነበር። ለዚህ አገር አዲስ የሆናችሁ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላ ምንም ባትይዙ ይህችን ያዙ።

ቁጥሩ ሲስተካከል ደግሞ ስሙ ይመጣል።

የእኛ ስም ለዚህ አገር ቅጽ አልተሠራም። ቻይናዊ ስም ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ነው። የእኔ ከነአባቴና ከነአያቴ በላቲን ሲጻፍ ከሣጥኑ ይተርፋል። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም፤ ቅጹ ግን የግድ ይጠይቃል። አንዱ ጸሐፊ አያቴን ያስቀድማል፣ ሌላው እኔን። አንዱ በስሞቹ መካከል ክፍተት ይተዋል፣ ሌላው ሦስታችንንም አጣብቆ አንድ ረጅም ባቡር ያደርገናል። ለሰው ዓይን ያው ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ክፍተቷም እንደ ፊደል ትቆጠራለች። በስልክ የምንከፍልበት መተግበሪያ ዊቻት የባንኩን ስም ከራሱ ጋር ያስተያይና አንዲት ባዶ ቦታ ከተረፈች "አይመሳሰልም" ብሎ ይመልሳል። ሆስፒታል ተራ ስጠብቅ ድምፅ ማጉያው የሚጠራው አያቴን ነው። እሳቸው ከደብረ ማርቆስ አልፈው የማያውቁ ገበሬ ነበሩ፤ እኔ የምኖርባት ፎሻን ከተማ ላይ ለጥርስ ሕክምና ሲጠሩ መስማት እስካሁን ያስቀኛል።

ባልደረቦቼ ያወጡልኝ ቻይንኛ ስም አለኝ። አጭር ነው፤ ቢሮ ውስጥ ሁሉም በሱ ይጠራኛል፤ የትኛውም ወረቀት ላይ ግን የለም።

ሂሳቤ ታግዶ ዊቻትም አልከፍልም ባለበት ሰሞን በጥሬ ገንዘብ ኖርኩ። ማዕከላዊ ባንኩ ነጋዴ ጥሬ ገንዘብ አልቀበልም ማለት አይችልም ብሎ ደንግጓል፤ መልስ የለኝም ማለትን ግን የከለከለ የለም። ትልቁ ኖት 100 ዩዋን ነው። ጠዋት ጠዋት የሩዝ ገንፎ የምትሸጠው ሴት ያንን ስታይ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃን አነሳችው፤ ጥርጣሬ ሳይሆን ናፍቆት ነበር የሚመስለው። ከዚያ ወዲያ አንዲት ባልደረባዬ ምሳዬንም ታክሲዬንም በስልኳ እየከፈለች ሂሳቡን ስትይዝ ከረመች። ሁሉ ነገር ሲከፈት በአንድ ጊዜ ላኩላት። ለምስጋና ጨመር አድርጌ ነበር፤ ትርፉን ወዲያው መለሰችው። ትንሽ ቅር ብሎኛል፣ አልደብቅም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር በትክክል አይከፈልም፤ ትንሽ ዕዳ ይቀራል፣ ለሌላ ቀን መገናኛ ይሆናል። እሷ ግን በማግስቱ እንደ ወትሮው ግማሽ ብርቱካኗን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

የባቡሩ ነገር ከሁሉም ያስቸግረኝ የነበረው ሥራዬ ስለሚያስኬደኝ ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጡ አስመጪዎች የሚያዙትን ሴራሚክ ሳይጫን በፊት የማየው እኔ ነኝ። ፎሻን ሲባል ሰው ሁሉ እዚሁ የሚጋገር ይመስለዋል። ከተማው ከእ.ኤ.አ. 2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አየሩን ለማጽዳት ምድጃዎቹን ሲገፋ ብዙዎቹ ወደ ጃዎቺንግና ቺንግዩዋን ከተሞች ሄደዋል፤ እዚህ የቀረው በአብዛኛው ማሳያ ክፍሉ፣ መጋዘኑና ድርድሩ ነው። ስለዚህ ከፎሻን ምዕራብ ጣቢያ ወደ ጃዎቺንግ እመላለሳለሁ። ባቡር ላይ የወረቀት ትኬት ቀርቷል፤ ፓስፖርቱ ራሱ ትኬት ነው። በድሮው ቁጥር የተገዛ ትኬት በአዲሱ ደብተር በሩን አይከፍትም፤ ዳር ላይ ሠራተኛ የቆመበት መስመር ሄዶ ማስረዳት ይጠይቃል። ኋላዬ ሻንጣ የሚገፉ ሰዎች እየተደረደሩ ስለ ሁለት ፓስፖርት ማስረዳት አልወድም።

ምድጃው ጋ ስደርስ ግን ሁሉን እረሳዋለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ፖርስሊን ለመባል ሴራሚኩ የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ጀርባው ላይ ቀለም ጠብ አድርጎ ጠርጎ ማየት ለመጀመሪያ ግምት ይበቃል። ከባዱ ቀለሙ ነው። ያው ሞዴል፣ ያው ፋብሪካ፣ በሌላ ቀን ሲጋገር ትንሽ ይለያል። ካርቶኑ ላይ የቀለም መለያው ይታተማል፤ እኔ ግን በታተመው አላምንም። ከተለያየ ፓሌት ካርቶን አስከፍቼ ደጅ በፀሐይ ብርሃን መሬት ላይ እዘረጋዋለሁ። መብራት ሥር አንድ የሚመስለው ደጅ ሲወጣ ሁለት ይሆናል። በጸደይ ደግሞ ካርቶኑን ራሱን እዳብሳለሁ። ፎሻን ባለችበት በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ውስጥ በማርች አካባቢ ከደቡብ እርጥብ ሙቀት የሚመጣበት ሰሞን አለ፤ ግድግዳው ያልበዋል፣ ልብስ አይደርቅም፣ ካርቶን ይለሰልሳል። የለሰለሰ ካርቶን ሞጆ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አስመጪዎቹ ይነግሯችኋል።

ከአስመጪዎቹ ጋር የሚያጨቃጭቀኝ ግን ባዶው ቦታ ነው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ሴራሚክ ሲጫንበት 27 ቶን ገደማ ላይ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከላይ ባዶ ነው። በሩ ሳይዘጋ ቪዲዮ እልካለሁ። "የኔ ልጅ፣ ለአየር ነው እንዴ የከፈልኩት?" ይሉኛል አንድ ጋሼ፣ በጫኑ ቁጥር። እኔም በጫኑ ቁጥር ስለ ክብደት ገደቡ አስረዳቸዋለሁ። በሚቀጥለው ደግሞ ይጠይቁኛል። አሁን አሁን ካልጠየቁኝ ያመማቸው ይመስለኛል።

የሰዓቱ ልዩነት 5 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲል እዚህ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ ከምሳ እንቅልፍ የምንነሳበት። አዎ፣ ቢሮ ውስጥ ይተኛል። መብራት ይጠፋል፣ ከጠረጴዛ ሥር ታጣፊ አልጋ ይወጣል፣ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ያንኮራፋል። መጀመሪያ ሰሞን ተቀምጬ እጠብቃቸው ነበር፤ ዛሬ የራሴ አልጋና የራሴ ብርድ ልብስ አለኝ። አዲስ አበባ 11 ሰዓት ላይ ቢሮ ሲዘጋ ግን እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል። ስለዚህ ቻይናውያኑ ማለዳዬን፣ አበሾቹ ማታዬን ይወስዱታል።

ምግብ። ሥጋ በሚበላበት ቀን ችግር የለብኝም፤ ጓንግዶንግ ጥሩ ይበላል። ችግሩ ረቡዕና ዓርብ ነው። ጎመን ታዛለህ፣ በአሳማ ጮማ ተጠብሶ ይመጣል። ቶፉ ታዛለህ፣ የተፈጨ ሥጋ ተነስንሶበታል፤ ብትጠይቅ "ለጣዕም ነው" ይሉሃል። መፍትሔ ያገኘሁት ቡድሂስቶቹ ዘንድ ነው። በጨረቃ አቆጣጠራቸው የወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን ብዙ ሰው ሥጋ አይቀምስም፤ ያኔ የአትክልት ምግብ ቤቶቹ ይጨናነቃሉ። ወረፋ ይዤ አብሬያቸው እቆማለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይነኩም። ሽንኩርት ከሌለበት ለእኔ ወጥ አይባልም፤ ስለዚህ ቤት ገብቼ ሽሮዬን እሠራለሁ።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ስልኩ፣ ባንኩ፣ ዊቻቱ፣ ባቡሩ ተስተካክለዋል። የቀረኝ ማኅበራዊ ዋስትናው ነው። ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ እዚህ የተቀጠረ የውጭ ዜጋም ይከፍላል፤ ለጡረታ ብቻ ከደመወዜ 8 በመቶ ይቆረጣል። አገሩን ለቅቄ ስሄድ በግል ሂሳቤ የተጠራቀመውን አመልክቼ መውሰድ እችላለሁ። ገንዘቡ ግን የተቀመጠው በድሮው ቁጥር ነው። ያችን የድሮ ቁጥር ያላትን ሴት ከእኔ ጋር ካላገናኟት ጡረታዋን ይዛ ትቀራለች።

ቀጠሮዬ ባለፈው ረቡዕ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 2025 ነበር። በዚያው ቀን ራጋሳ የተባለው አውሎ ነፋስ ያንግጂያንግ በተባለችው የባሕር ዳር ከተማ ላይ የብስ ገባ። እዚህ ከዋዜማው ጀምሮ ትምህርትና ሥራ ቆመ፣ ሱቆች ተዘጉ፣ ሰው መስኮቱ ላይ የኤክስ ምልክት በፕላስተር ለጠፈ። ሱቆቹ ሳይዘጉ ሱፐርማርኬት ስሄድ ቅጠላ ቅጠሉ በሙሉ ተሸጦ ሥጋው እንዳለ ተደርድሯል። ማግስቱ ረቡዕ ሆኖብኝ! ድንች ይዤ ተመለስኩ። ሌሊቱን ሙሉ የጎረቤት በረንዳ ላይ የተረሳ ባልዲ ሲንከባለል አደረ።

ቀጠሮው ለእሁድ ተዛወረ። እሁድ እንዴት ቢሮ ይከፈታል እንዳትሉ። ዘንድሮ ብሔራዊ በዓላቸውና የመኸር ጨረቃ በዓሉ ገጥመው ከኦክቶበር 1 እስከ 8 እረፍት ነው፤ ከዚያ ውስጥ የተወሰነውን ቀን በፊትና በኋላ ባሉት ሰንበቶች እንከፍላለን። ሴፕቴምበር 28፣ የመስቀል ማግስት፣ ሥራ ነው። ቅዳሜ ጓንዡ ካሉት ልጆች ጋር ስለምውል ማምሸቴ አይቀርም። የሰው ኃይል ኃላፊያችን ይህን የጠረጠረች ይመስላል። እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት መስኮት ቁጥር 6 ፊት ለፊት እንድንገናኝ፣ ሁለቱን ፓስፖርቶችና የቆንስላውን ደብዳቤ እንዳልረሳ ዛሬ ጽፋልኛለች። የጻፈችው ለእኔ ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ባለበት ቡድን ላይ ስለሆነ ከምሳ ጀምሮ ያገኘኝ ሁሉ "ደብዳቤውን እንዳትረሺ" እያለኝ ያልፋል።