ባንዲራው ለምን ጣውላ መሰለ?

ዛሬ አንድ ወዳጄ 28 ሚሊሜትር ቁመት ባላቸው የዋተርሉ ጦርነት ሞዴል ወታደሮቹ መሃል የሰካውን የወረቀት ባንዲራ ፎቶ ላከልኝና «ምን ጎደለው?» አለኝ። ቀለሙ ልክ ነው፣ ህትመቱም ጥርት ያለ ነው። ግን እንደ ጣውላ ደርቆ ቆሟል፤ ጠርዙም ዙሪያውን ነጭ ነው።

መጀመሪያ መጠኑ። የብሪታንያ እግረኛ ጦር ባንዲራ ወደ 198 በ183 ሴንቲሜትር ነበር፤ ለእነዚህ ሞዴሎች በሚሆነው የ1/56 ልኬት ሲሰላ 35 በ33 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። የፈረንሳይ የ1812ቱ (እ.ኤ.አ.) ግን 80 በ80 ሴንቲሜትር ስለነበር 14 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሁለቱን እኩል የሚያትም ሰው ሞልቷል!

ወረቀቱ በካሬ ሜትር ከ80 ግራም አይለፍ። ባንዲራው ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ታትሞ ምሰሶ በሚሆነው ሽቦ ላይ ስለሚታጠፍ፣ ለ1 ሚሊሜትር ሽቦ በሁለቱ ገጾች መሃል 3 ሚሊሜትር ያህል ተዉለት፤ ካልሆነ ጠርዞቹ አይገጥሙም። ነጭ የእንጨት ኮላ በትንሽ ውሃ አቅጥናችሁ ውስጡን እስከ ጥጉ ቀቡት። ኮላ ያልነካው ቦታ ኋላ ያብጣል። የኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ማተሚያ የወጣ) ህትመት ከሆነ ቀድሞ ቫርኒሽ ይነፋበት፤ አለበለዚያ እርጥበቱ ቀለሙን ያፈሰዋል።

ዋናው ግን እጥፋቱ ነው። ኮላው ሳይደርቅ በብሩሽ እጀታ ሞገዱን አውጡ። ብዙዎች ሞገዱን ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያደርጉታል፤ ጨርቅ ግን ክብደት አለው፣ እጥፋቱ ከምሰሶው የላይኛው ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ነው የሚወርደው። ነፋስ የሌለበት ቀን ከሆነማ ጭራሹን ምሰሶው ላይ ይጣበቃል።

ሲደርቅ ነጩን ጠርዝ በየቀለሙ ሸፍኑ። የእጥፋቱ ጎድጓዳ ላይ ለሰማያዊው ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ለቀዩ ቡናማ የቀላቀለ ቀይ። ንጹህ ጥቁር ከገባ ጥላ ሳይሆን እድፍ ይመስላል።