ስትሪፑ ምን አጠፋ?

ዛሬ ከሰዓት ጣና ዳር ካለች ዓሣ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ባለቤቷ እናት "ልጄ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ አስቸገረኝ፣ ሌላ ስትሪፕ ቀይርልኝ" አሉኝ። ስትሪፕ የሚባለው እንደ ጥብጣብ የሚለጠፈው የኤልኢዲ መብራት ነው። ኮርኒሱን ከፍቼ ድራይቨሩን (የመስመሩን ኤሌክትሪክ ወደ ስትሪፑ ቮልት የሚቀይረውን ሳጥን) ስነካው እጄን አቃጠለኝ፣ የፕላስቲኩ ጥግ ሁሉ ቡናማ ሆኗል። ስትሪፑ ግን ደህና ነው! ባለ 12 ቮልት፣ በሜትር 14.4 ዋት የሚበላ፣ 5 ሜትሩ 72 ዋት ማለት ነው፣ የተገጠመለት ድራይቨር ደግሞ 60 ዋት ብቻ። እንዴት አይግል? እኔ ሁሌም ቢያንስ 20 በመቶ ትርፍ እይዛለሁ፣ እሱ ሲደመር 86 ገደማ ይመጣል፣ ስለዚህ ባለ 100 ዋት ገጠምኩ። ዋቱ ቢበልጥ ችግር የለውም፣ መብራቱ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚወስደው። ቮልቱ ግን የግድ ያው 12 መሆን አለበት፣ 24 ብትሰጡት ይቃጠላል። ለበረንዳው፣ የሐይቁ እርጥበት ስላለ፣ አይፒ 67 (አቧራም ውሃም አያስገባም ማለት ነው) የተጻፈበትን ድፍኑን ድራይቨር መረጥኩ።

ያሳዘነኝ፣ እኚህ እናት ከዚህ በፊት ሁለቴ ስትሪፕ አስቀይረዋል። ድራይቨሩን ገልጦ ያየ ሰው የለም።

ሲመሽ አበራነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ድራይቨሩን ስነካው ለብ ብሏል፣ በቃ።