የአሮጌ ቴሌቪዥን ካፓሲተር ሲመረጥ ቮልቱ ብቻ አይበቃም

አሮጌ ቴሌቪዥን ማደስ ስጀምር ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚያከማች ዕቃ) ስለመምረጥ ያገኘሁት ምክር በሙሉ «ማይክሮፋራዱ (ቻርጅ የመያዝ መጠኑ) እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከዚያ በላይ ይሁን» የሚል ነበር። የጥገና መመሪያውም፣ መለዋወጫ ሻጩም፣ ልምድ አለን የሚሉትም ይህንኑ ይደግማሉ። ምክሩ ለአብዛኛው የቴሌቪዥኑ ክፍል ይሠራል፤ ጨረሩን በስክሪኑ ላይ ወደ ጎን ለሚነዳው ክፍል፣ ለሆሪዞንታል አውትፑቱ፣ ግን አደገኛ ነው፤ ይህን አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባለማግኘቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቀላሉን ሥራ በአጭሩ ልለፈው። በትራንዚስተር ፈንታ በቫኩም ቱቦ በሚሠሩት ቴሌቪዥኖች ውስጥ ያሉትን በሰም የተነከሩ የወረቀት ካፓሲተሮች ሳልለካ ሁሉንም እቀይራለሁ፤ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ መልቲሜትር ደህና ነው ያለው ካፓሲተር 300 ቮልት ሲያርፍበት ከረንት ያፈሳልና፣ የፈሰሰውም የሚቀጥለውን ቱቦ ግሪድ (ከረንቱን የሚቆጣጠረውን ክፍል) ወደ ፖዘቲቭ ገፍቶ ቱቦውን ከአቅሙ በላይ ያሠራዋል። የማይካ ካፓሲተሮቹን ብዙ ጊዜ አልነካቸውም። ኤሌክትሮላይቲኮቹን (በፈሳሽ ኬሚካል የሚሠሩትን ካፓሲተሮች) ቮልቴጁን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ማንቃት ይቻላል የሚለውን የተለመደ መመሪያ ግን አልቀበልም፤ ውስጡ የደረቀ ኤሌክትሮላይቲክ ዛሬ ቢነቃ እንኳ ነገ ሾርት አድርጎ፣ ምትክ የማይገኝለትን የፓወር ትራንስፎርመር ይዞ ይጠፋል።

መከራ ያየሁት በትራንዚስተር በሚሠራ ባለ625 መስመር ቴሌቪዥን ላይ ነው። ከሆሪዞንታል አውትፑት ትራንዚስተሩ ኮሌክተር (ከእግሮቹ አንዱ) ወደ ሻሲው (ወደ ብረት አካሉ) የተዘረጋ አንድ ካፓሲተር አለ፤ በዚህኛው ላይ መጠኑ 10 ናኖፋራድ፣ ቮልቱ 1600 ነበር። ጨረሩ አንዱን መስመር ጨርሶ ወደ ግራ በሚመለስባት 12 ማይክሮሰከንድ ገደማ ውስጥ፣ ይህ ካፓሲተር ጨረሩን ከሚያዞረው ዲፍሌክሽን ኮይልና ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሚያመነጨው ፍላይባክ ትራንስፎርመር ጋር ሆኖ አንድ ትልቅ የቮልቴጅ ጉብታ ይፈጥራል፤ የጉብታውን ከፍታ፣ በዚያም ለሥዕል ቱቦው የሚደርሰውን ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ በዋናነት የሚወስነው የእሱ መጠን ነው። የአሮጌው ሽፋን ተሰንጥቆ ስለነበር መቀየር ግድ ሆነ። የጥገና መመሪያው የዕቃ ዝርዝር ከመጠኑና ከቮልቱ በቀር ከምን እንደተሠራ አንድም ቃል አይናገርም። ሻጩንም ዓይነቱን ብጠይቀው «ቮልቱ እኮ ያው ነው» ብሎ አሰናበተኝ። የሰጠኝ ከፖሊስተር ፕላስቲክ የተሠራ ነበር።

ቴሌቪዥኑ ሠራ፤ ሥዕሉም ጥርት ያለ ነበር። ጥቂት ከቆየ በኋላ ግን ሥዕሉ ከግራና ከቀኝ ጠበብ ማለት ጀመረ፤ ከፍተኛውን ቮልቴጅ ወደ ሥዕል ቱቦው ከሚወስደው የአኖድ ገመድ ዙሪያ የሚንጣጣ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፣ የኦዞን ሽታም መጣ። ለማጥፋት እጄን ስዘረጋ ፊውዙ ተቃጠለ። ትራንዚስተሩ ከኮሌክተር እስከ ኤሚተር ሾርት ሆኖ አገኘሁት፤ አዲሱ ካፓሲተር በአንድ ጎኑ አብጧል፣ ሽፋኑም ጠቁሯል። ቀዝቅዞ ስለካው ከ10 ናኖፋራዱ የቀረው ግማሽ ያህሉ ነበር። የጉብታው ከፍታ ከመጠኑ ስኩዌር ሩት ጋር በተቃራኒው ስለሚሄድ፣ ካፓሲተሩ በግማሽ ሲቀንስ 1000 ቮልት የነበረው ወደ 1400 ይወጣል፤ ቢዩ 208ን የመሰለ ትራንዚስተር ደግሞ ጣሪያው 1500 ቮልት ስለሆነ፣ በዚያ ላይ አንድ ብልጭታ ሲጨመርበት አይተርፍም።

ጥፋቱ የቮልት ማነስ አልነበረም። 1000 ቮልት የሚደርስ ጉብታ በ12 ማይክሮሰከንድ ወጥቶ ሲወርድ ቮልቴጁ በማይክሮሰከንድ እስከ 260 ቮልት ይቀያየራል፤ በ10 ናኖፋራድ ካፓሲተር ውስጥም 2.6 አምፒር ይመላለሳል፤ ይህም በሰከንድ 15,625 ጊዜ ይደጋገማል። ፖሊስተር በእንዲህ ዓይነት ፍጥነት የሚያባክነው ኃይል ከሌላው ፕላስቲክ፣ ከፖሊፕሮፒሊን፣ ከ10 እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ በእኔ ስሌት እዚያች ትንሽ ገላ ውስጥ ከ2 ዋት ያላነሰ ሙቀት ይፈጠራል። ሙቀቱ ስስ የብረት ሽፋኑን ከጠርዙ እየበላ መጠኑን ይቀንሰዋል። ይህን ሁሉ የካፓሲተሩ አምራች በዳታ ሺቱ ላይ ጽፎታል፤ የቴሌቪዥኑ የጥገና መመሪያ ግን አንዲት መስመር ነፍጎታል፤ ለዚህ እስከ ዛሬ ይቅርታ አላደረግሁለትም።

አሁን በዚህ ቦታ የማስገባው ለፐልስ (ለፈጣን የቮልቴጅ ጉብታ) ተብሎ የተሠራ የ2000 ቮልት ፖሊፕሮፒሊን ብቻ ነው። ከመግዛቴ በፊት በማይክሮሰከንድ የሚችለውን የቮልት ለውጥ፣ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚሸከመውን የኤሲ ቮልት እና ከመጠኑ የሚያዛንፈውን አያለሁ፤ ከ5 በመቶ በላይ የሚያዛንፈውን አልወስድም። ቮልትና ሙቀት ሲጨምር መጠኑ የሚወርደው ተራ የሴራሚክ ዲስክ እዚህ ቦታ የለውም። «ለጥንቃቄ መጠኑን ትንሽ ከፍ አድርገው» የሚሉትንም አልሰማም፤ የመመለሻው ጊዜ ይረዝማል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ የሥዕሉም ጠርዝ ሊታጠፍ ይችላል። በቱቦ ቴሌቪዥኖች ተጨማሪውን ቮልቴጅ በሚያከማቸው የቡስት ካፓሲተር ላይም ፖሊፕሮፒሊኑን እመርጣለሁ።

አንዳንድ አምራቾች በዚህ ቦታ ባለአራት እግር ካፓሲተር ያስገቡ ነበር። የትራንዚስተሩ ከረንት በካፓሲተሩ እግሮች በኩል እንዲያልፍ ስላደረጉት፣ እግሩ ሲበጠስ ቮልቴጁ ሽቅብ ከመውጣት ይልቅ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ቦታውን በባለሁለት እግር እየተኩ ቀሪዎቹን ቀዳዳዎች በሽቦ የሚያገናኙ ሰዎች ያናድዱኛል፤ ከመጠን ያለፈ የአኖድ ቮልቴጅ ኤክስሬይ ይፈጥራል፤ አሜሪካም በ1968 የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎችን ጨረር የሚቆጣጠር ሕግ ያወጣችው እንዲህ ያለ ስጋት ስለነበረ ነው።

ከቀየርኩ በኋላ አኖዱን በከፍተኛ ቮልቴጅ ፕሮብ እለካለሁ፤ የምለካውም ብራይትነሱን እስከ መጨረሻ ዝቅ አድርጌ ነው፤ ቮልቴጁ ከፍ የሚለው ጨረሩ ሲጠፋ ነውና። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል አሠራዋለሁ፤ ሶኬቱን ነቅዬ የሥዕል ቱቦውን ወደ ውጭኛው ጥቁር ሽፋኑ ዲስቻርጅ አደርጋለሁ፤ መስታወቱ ቻርጁን መልሶ ስለሚያመጣ ትንሽ ቆይቼ እደግመዋለሁ። የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተሮችም ባዶ መሆናቸውን በሜትር ካረጋገጥኩ በኋላ አዲሱን ካፓሲተር በጣቴ እዳስሳለሁ። በአጠገቡ ካሉት ዕቃዎች የበለጠ ከሞቀ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን ምን አወጣዋለሁ።